ኃይል የሚያድርበት እንጨት፦ የባታኮች ቅርጻ ቅርጽና ሥርዓቱ

በአምስተርዳም ወይም በጃካርታ ሙዚየም የባታክ ዕቃዎች በተቀመጡበት ክፍል ከሰው ቁመት የሚስተካከል፣ በዕድሜና በእጅ ብዛት የጠቆረ በትር በመስታወት ውስጥ ቆሞ ይታያል። ከአናቱ እስከ እግሩ ሰው በሰው ላይ ተቀምጦበታል። በሰዎቹ መካከል እባብ ይጠመዘዛል፣ እንሽላሊት ይሳባል፤ በላይኛው ሰው ራስ ላይ ደግሞ የፀጉር ጉንጉን በክር ተጠምጥሞ ታስሯል። ከጎኑ የሚለጠፈው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ የመጣበትን አገርና የተሠራበትን ነገር ነግሮ ያበቃል። ጎብኚውም ወይ «ጌጥ ነው» ወይ «ጣዖት ነው» ብሎ ያልፋል።

ሁለቱም ልክ አይደሉም። በትሩ የተወሰነ ሥራ የሚሠራ መሣሪያ ነበር። ባታኮች ዘንድ ለሥርዓት የተጠረበ እንጨት በራሱ ምንም አያደርግም፤ ማደሪያ ብቻ ነው። ኃይል እንዲያድርበት ቀዳዳ ይፈለፈልለታል፣ በቀዳዳው የተቀመመ ነገር ይከተትበታል፣ ቃል ይደገምበታል፣ መሥዋዕት ይቀርብለታል። ሥራውን የሚጀምረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የባታክ ቀራጮችን ጥበብ ምንም ያህል ቢያደንቅ ያየው ቅርፊቱን ነው። የሚቆጨኝም ይህ ነው፤ ከዓለም ድንቅ የእንጨት ሥራዎች አንዱ ግማሽ ታሪኩ ተቆርጦ ይታያል።

ባታክ የሚለው ስም በኢንዶኔዥያ፣ በሱማትራ ደሴት ሰሜናዊ ክፍል የሚኖሩ ቋንቋቸውና ባህላቸው የተቀራረበ ሕዝቦችን ይጠቀልላል፤ ቶባ፣ ካሮ፣ ሲማሉንጉን፣ ፓክፓክ፣ አንኮላና ማንዳይሊንግ። ከማንዳይሊንጎችና ከካሮዎች መካከል በዚህ የጋራ ስም መጠራት የማይፈልጉ ብዙዎች ስላሉ ስሙን በጥንቃቄ መጠቀም ይገባል። በ2010 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ቁጥራቸው ወደ 8.5 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። እዚህ የምተርከው በአብዛኛው የቶባዎችን ነው፤ አልፎ አልፎ ወደ ካሮና ወደ ሲማሉንጉን እሻገራለሁ።

የቶባዎች አገር ሐይቅ ዳር ነው። ቶባ ሐይቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ መሐሉ ላይ ሳሞሲር የተባለች ትልቅ ደሴት አለች። ሐይቁ የተኛው ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት የፈነዳ ግዙፍ እሳተ ገሞራ በከፈተው ጉድጓድ ላይ ነው። የዚያ ፍንዳታ ብናኝ እኛም አገር ደርሷል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ መተማ አካባቢ፣ በሽንፋ ወንዝ ዳር በተቆፈረ የጥንት ሰዎች መኖሪያ ውስጥ በዓይን የማይታይ የቶባ ብናኝ ተገኝቶ የጥናቱ ውጤት በ2024 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ባታኮች በተራራ የተከበበ አገር ይኑሩ እንጂ ከዓለም ተቆርጠው አልኖሩም። ከጫካቸው የሚሰበስቡት ካፉርና በዐረብ ገበያ ጃዊ የሚባለው ዕጣን በባሩስ ወደብ በኩል ለብዙ መቶ ዓመታት ወደ ውጭ ሲላክ ኖሯል፤ በምላሹ ከገቡት ዕቃዎች መካከል የቻይና የሸክላ ማሰሮዎች ነበሩ። እነዚህን ማሰሮዎች እናስታውሳቸው፤ ሥራ አላቸው።

ዳቱ እና መጽሐፉ

በጥንቱ የባታክ እምነት ዓለም ሦስት ደርብ ናት። ላይኛው የአማልክት፣ መካከለኛው የሰው፣ ታችኛው የመናፍስትና የታላቁ ዘንዶ የናጋ ፓዶሃ ነው። የሁሉ መጀመሪያ ሙላ ጃዲ ና ቦሎን ነው። ምድርን ያበጀችው ግን ከላይኛው ዓለም የወረደችው ሲ ቦሩ ዴአክ ፓሩጃር ናት። ከሰማይ የተሰጣትን አፈር በውሃው ላይ ዘረጋች፤ ዘንዶው ሊያፈርስባት ሲነሣ ተዋግታ አሰረችው። አሁንም ሲላወስ ምድር ትንቀጠቀጣለች። ሱማትራ ከጫፍ እስከ ጫፍ በትልቅ የመሬት ስንጥቅ ላይ የተቀመጠች ደሴት ስለሆነች ሰሚው ይህን እንደ ተራ ተረት አይሰማውም ነበር።

ሰው ሁሉ ቶንዲ አለው። ቶንዲ ሕይወትን የሚያቆም ኃይል ነው፤ ሲደነግጥ ወይም ሲያዝን ከአካል ሊሸሽ ይችላል። ባለቤቱ የሚታመመውም ያን ጊዜ ነው። ሰውየው ሲሞት ደግሞ ቤጉ የሚባል መንፈስ ይተርፋል። ዘሮቹ ካከበሩት ይጠብቃቸዋል፤ ከተረሳ ወይም ክፉ ሞት ከሞተ ይጎዳል። እንግዲህ የባታክ ቅርጻ ቅርጽ አብዛኛው ሥራ ይህን መንግሥት ማስተዳደር ነው፤ የሸሸውን መመለስ፣ የተቆጣውን ማብረድ፣ ጠላት የሚልከውን መመከት።

ይህን የሚያውቀው ዳቱ ነው። ዳቱ በሽተኛ ያያል፣ መልካሙንና ክፉውን ቀን ይቆጥራል፣ ጦርነት ከመከፈቱ በፊት ይጠየቃል፣ ዝናብ ሲጠፋ ይጠራል። ዕውቀቱ ከመምህር ለዓመታት የሚቀሰም ነው። ተማሪው የሚማረውን በራሱ ፊደል፣ ፑስታሃ በሚባል መጽሐፍ ይጽፋል። ፑስታሃ ከአሊም ዛፍ የውስጥ ልጥ የሚሠራ፣ እንደ ሰንሱል የሚተጣጠፍ ረጅም ጽሑፍ ነው። በእኛ አገር በብራና የተዘጋጀ ሰንሱል ያየ ሰው ፑስታሃን ሲያይ ባዳ አይሆንበትም። በውስጡ የቀን መቁጠሪያ፣ በዶሮ የሚደረግ ጥንቆላ፣ የመድኃኒትና የመከላከያ አዘገጃጀት፣ እንዲሁም ኃይል ያላቸውን ቅርጾች ለመሥራት የሚያስፈልገው ሁሉ በሥዕል ጭምር ይገኛል። ብዙዎቹ ዕውቀቱ ከየትኛው መምህር ወደ የትኛው ተማሪ እንደተላለፈ ስም እየጠሩ ይጀምራሉ። ሁለቱ ሽፋኖቹ እንጨት ናቸው፤ በአንዳንዱ የላይኛው ሽፋን ላይ እንሽላሊት ተቀርጾበታል። እንሽላሊቱ ቦራስፓቲ ኒ ታኖ የሚባለው የመሬትና የመራባት ጠባቂ ነው፤ ወደፊት በጎተራ በርም ላይ እናገኘዋለን።

ዳቱ ብዙውን ጊዜ ራሱ ቀራጭ ነበር። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በትሩን፣ የመድኃኒት ቀንዱን፣ የመጽሐፉን ሽፋን የሚፈለፍለው እጅና ቃሉን የሚደግመው አፍ የአንድ ሰው ነበሩ። መፈልፈሉ ራሱ የሥርዓቱ ክፍል ነው፤ እንጨቱ የሚቆረጥበት ቀን ይመረጣል፣ ዛፉ ከመውደቁ በፊት ለባለቤቱ መንፈስ ይቀርብለታል።

በዛፉ የተዋጡት መንትዮች

በመስታወቱ ውስጥ የቆመው በትር ቱንጋል ፓናሉዋን ይባላል። ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ገደማ ቁመት አለው። ለምን እንዲህ ሆኖ እንደሚቀረጽ የሚናገር ትረካ አለ፤ ከመንደር መንደር ዝርዝሩ ቢለያይም አካሉ አንድ ነው።

ጉሩ ሃቲምቡላን የተባለ ሰውና ሚስቱ መንታ ወለዱ፤ ወንዱ ሲ አጂ ዶንዳ ሃታሁታን፣ ሴቷ ሲ ቦሩ ታፒ ናዋሳን ተባሉ። የወንድና የሴት መንታ በአንድነት ማደጉ አደጋ እንዳለው አገሬው ቢመክርም ወላጆቹ አልለዩዋቸውም። ልጆቹ አደጉ፣ ተዋደዱ፣ ወንድምና እህት ሳሉ ነውር ሠሩ። አንድ ቀን ጫካ ውስጥ እሾሃም ግንድ ያለው ፍሬያማ ዛፍ አገኙ። ወንድየው ፍሬ ሊቀጥፍ ሲወጣ ዛፉ ዋጠው፤ ከግንዱ ጋር ተጣበቀ። እህቱ ተከትላ ወጣች፣ እሷም ተዋጠች። አባት ፈልጎ ሲደርስ የሁለቱን ፊት በግንዱ ላይ አየ።

አባት ዳቱ አስጠራ። ዳቱው ጸሎቱን አድርሶ ወጣ፤ እሱም ተጣበቀ። ሌላ መጣ፣ ተጣበቀ። ሌላም። አንድ ትልቅ እባብም እዚያው ቀረ። በመጨረሻ የመጣው አዋቂ አንዳቸውንም ማስለቀቅ እንደማይቻል ተናገረ። መሥዋዕት ካቀረቡ በኋላ ዛፉ እንዲቆረጥና በግንዱ የቀሩት ሁሉ መልክ በእንጨት እንዲቀረጽ አዘዘ። በትሩም ከዚያ ተገኘ። በጎንዳንግ ከበሮ ሲጨፍሩበት መንትዮቹ በሰው አፍ ተናገሩ፤ በትሩ በድርቅ ዝናብ እንዲጠራ፣ በክረምት ዝናብ እንዲያቆም፣ በጦርነት መሣሪያ እንዲሆን፣ በሽታ እንዲያርቅ፣ ሌባ እንዲያወጣ ተባለ።

ትረካውን በእጁ ይዞ በትሩን ለሚያይ ሰው ቅርጾቹ ስም ያወጣሉ። አናት ላይ ያለው ወንድየው ነው፤ ፀጉሩ የተጠመጠመበት ክር ቀይ፣ ነጭና ጥቁር ነው። ከሥሩ እህቱ ናት። ከዚያ በታች የተደረደሩት ሊያድኑ መጥተው የቀሩት ዳቱዎች ናቸው። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ዳቱ በሥርዓት ላይ በትሩን ሲጨብጥ እጁ የሚያርፈው ከእሱ በፊት በነበሩ፣ ባልተሳካላቸው ባለሙያዎች ገላ ላይ ነው። ኃይሉ የመጣው ከተጣሰ ሕግ ነው፤ በዚህም ምክንያት ያገለግላል፣ ያስፈራልም። የሙያው ባለቤት የራሱን ሙያ ሽንፈት በግልጽ ቀርጾ የያዘበት ሌላ የሥርዓት ዕቃ አላውቅም።

በሥርዓቱ ጊዜ ዳቱ መሬት ላይ ባለ ስምንት ማዕዘን ሥዕል ይሠራል። ስምንቱ ማዕዘን ስምንቱ አቅጣጫ ነው። ከበሮው እየተመታ በትሩን ይዞ ዙሪያውን ይረግጣል፣ ይደግማል፤ በሥዕሉ ላይ እንቁላል ይቀመጥና በበትሩ ጫፍ ይወጋል።

አሁን ወደ ቀዳዳው እንመለስ። የበትሩን ቅርጾች በቅርብ ያየ ሰው በአንዱ ራስ ወይም ሆድ ላይ በትንሽ የእንጨት ውታፍ የተደፈነ ጉድጓድ ያገኛል። እዚያ የሚገባው ፑፑክ ይባላል፤ ከዕፅዋት፣ ከእንስሳትና ከሌሎች ነገሮች ተቃጥሎና ተቀምሞ የሚዘጋጅ ነገር ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓውያን የጻፏቸው መግለጫዎች እጅግ ኃይለኛው ፑፑክ ከሰው እንደሚሠራ ይናገራሉ። ከሌላ መንደር የተወሰደ ልጅ እየተንከባከቡት ቆይተው፣ ወደ ተላከበት እንደሚሄድ ቃል ካስገቡት በኋላ ይገድሉታል፤ ከአካሉ የተዘጋጀው ቅመም የልጁን መንፈስ ለዳቱ አገልጋይ ያደርገዋል። ጸሐፊዎቹ ሚስዮናውያንና የቅኝ ግዛት ሹማምንት ስለነበሩ በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። ነገሩን ሸፋፍኖ ማለፍ ግን አይገባም። ባታኮች ራሳቸው እነዚህን ዕቃዎች ለምን ያህል ይፈሩ እንደነበር፣ አዲሱ ሃይማኖት ሲመጣ ብዙዎች ለምን በገዛ እጃቸው እንዳስረከቡ ያለዚህ አይገባንም።

ፑፑኩ በሙሉ በበትሩ ውስጥ አያልቅም፤ ዳቱ የሚያስቀምጥበት ዕቃ ያስፈልገዋል። የባታክ ቀራጮች ምርጥ ሥራቸውን ያሳዩት በእነዚህ ዕቃዎች ክዳን ላይ ነው ብል አላጋነንኩም። ናጋ ሞርሳራንግ ትልቅ የጎሽ ቀንድ ነው። ሰፊው አፉ የሚዘጋው በእንጨት ክዳን ሲሆን ክዳኑ ሲንጋ የተባለውን አውሬ ይመስላል፤ ዓይኑ የፈጠጠ፣ ግንባሩ የተጠቀለለ፣ ጎሽም ዘንዶም ሰውም የሆነ ፍጥረት። በጀርባው ላይ ሰዎች ተደርድረው ተፈናጠዋል፤ ቀጭኑ የቀንድ ጫፍም በተቀመጠ ሰው መልክ ይጨርሳል። ከቻይና የመጡት ማሰሮዎች ሥራቸው እዚህ ላይ ነው። አፋቸው በተቀረጸ ውታፍ ይዘጋል፤ ውታፉ ላይ አንድ ሰው እንስሳ ላይ ተቀምጦ ይታያል። በባሕር ንግድ የመጣ ሸክላ በባታክ እንጨት ሲከደን የዳቱ መድኃኒት ዕቃ ይሆናል።

ቤቱ ራሱ ሲጠብቅ

ከዳቱ ጓዳ ወጥተን ወደ መንደሩ ስንገባ የምናየው ቅርጻ ቅርጽ ሌላ ዓይነት ነው። ይህ ለሁሉ የሚታይ፣ ቀራጩም ከእንጨት ሥራ የሚኖር ባለሙያ የሆነበት ነው። የቶባ ትልቅ ቤት ሩማ ቦሎን ይባላል። በወፍራም ምሰሶዎች ላይ ይቆማል፤ የጣሪያው ሁለት ጫፎች ወደ ላይ ይሾላሉ፤ ክዳኑ የጥንቱ ከዘንባባ ጭረት ነው። በብረት ሚስማር ፈንታ ውቅርና የእንጨት ችካል፣ ገመድም ይይዘዋል። ከወለሉ በታች ከብት ያድራል፣ በወለሉ ላይ ሰው ይኖራል፣ ጣሪያው ሥር ያለው ክፍል የአባቶች ቅርስ ማስቀመጫ ነው። ሦስቱ ደርብ ያለው ዓለም በቤት መልክ ማለት ነው። በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ እንግዳ ጎንበስ ሳይል አይገባም።

የፊት ለፊቱን ግድግዳ የሚሸፍነው ቅርጽ ጎርጋ ይባላል። በመሮ እየተፈለፈለ የሚሠራ አለ፣ በቀለም ብቻ የሚሣል አለ። ለሚፈለፈለው ኢንጉል የሚባለው እንጨት ይመረጣል፤ ለመሮ ይለሰልሳል፣ ነቀዝም አይደፍረውም። ባለሙያው መስመሩን አስቀድሞ በሰሌዳው ላይ ይነድፋል፣ ከዚያ መሮውን በመዶሻ እየመታ ይከተለዋል። መስመሩ እንደ ሐረግ ይሳባል፣ ይጠቀለላል፣ ሌላ ሐረግ ይወልዳል፤ ባዶ ቦታ አይተርፍም። ቀለሞቹ ሦስት ብቻ ናቸው። ቀዩ ከቀይ ድንጋይና አፈር፣ ነጩ ከነጭ አፈር ወይም ከኖራ፣ ጥቁሩ ከጥላሸት ይዘጋጃል። ሦስቱ ቀለሞች ከሦስቱ ዓለማት ጋር ይያያዛሉ፤ በትሩ አናት ላይ የታሰሩት ክሮችም እነዚሁ ናቸው።

ከሐረጉ መካከል ስም ያላቸው ቅርጾች ብቅ ይላሉ። በጎን ሰሌዳዎቹ ጫፍ፣ ከቤቱ ግራና ቀኝ የሚያፈጡት ግዙፍ ራሶች ሲንጋዎች ናቸው፤ ክፉ ነገር ከደጅ እንዲመለስ ይጠብቃሉ። የፀሐይ ቅርጽ አለ፤ ዳቱ መሬት ላይ የሚሥለው ባለ ስምንት አቅጣጫ ቅርጽም እዚህ በእንጨት ይገኛል። ከሁሉ በላይ ዓይን የሚይዘው ግን እንሽላሊቱ ነው። በቤቱ ፊት ወይም በጎተራው በር ላይ ቦራስፓቲ ከተደረደሩ የሴት ጡቶች ጋር ይቀረጻል። እህል የሚቀመጥበት ቤት ነውና መልእክቱ ግልጽ ነው፤ መሬቷ ትስጥ፣ ሴቲቱ ትውለድ፣ ልጅ ይጥገብ። አዲስ ቤት ሲገባም የሥጋ ድግስ ተደግሶ፣ ዘመድ ኡሎስ የተባለውን ሽመና ለባለቤቶቹ ትከሻ አልብሶ፣ ቶንዲያቸው በቤቱ እንዲጸና ይመረቃል።

ሲንጋው ከቤት ተነሥቶ መቃብር ድረስ ይከተላል። በሳሞሲር ደሴት ቶሞክ መንደር ከድንጋይ የተፈለፈለው የሲዳቡታር ነገሥታት መቃብር ፊቱ የሲንጋ ራስ ነው። በጀልባ መልክ የሚጠረቡ የእንጨት ሬሳ ሣጥኖችም ነበሩ።

ለሞተ ሰው የሚያለቅስ ልጅ

የባታክ ሰው ከሕይወት የሚመኘው ሦስት ነገር ተብሎ ይቆጠራል፤ ዘር፣ ሀብትና ክብር። ዘር ይቀድማል። የትውልድ ሐረግ በአባት በኩል ይቆጠራል፤ እያንዳንዱ ሰው የጎሳ ስሙንና ከላይ ያሉትን አባቶቹን ያውቃል። እንግዲህ ያለ ልጅ የሚሞት ሰው የከፋ አደጋ ላይ ነው። ስሙ ይቋረጣል፣ በቀብሩ ላይ የሚጨፍርለት ልጅ የለም፣ ቤጉውን የሚያከብርለት አይኖርም። የተከፋ ቤጉ ደግሞ ለመንደሩም አይበጅም።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ሲ ጋሌ-ጋሌ ነው፤ የሰው ቁመት ያለው፣ ልብስ የለበሰ፣ ራሱ ላይ የጠመጠመ የእንጨት አሻንጉሊት። በረጅም ሣጥን ላይ ይቆማል። ከኋላ የተቀመጠው ሰው በሣጥኑ ውስጥ የሚያልፉትን ገመዶች ሲስብ ክንዱ ይነሣል፣ መዳፉ ይገለበጣል፣ አንገቱ ይዞራል፣ ወገቡ ይታጠፋል። በጎንዳንግ ምት የቶርቶርን ጭፈራ ይጨፍራል። በአንዳንዶቹ ራስ ውስጥ ከዓይን ጀርባ ውሃ የጠጣ ስፖንጅ ወይም የዛፍ ሽበት ይቀመጣል፤ ገመዱ ሲጫነው እንባ ይወርዳል። ያልተወለደው ልጅ ለአባቱ አለቀሰ ማለት ነው። ዘመድ አብሮት ያለቅሳል፣ አብሮት ይጨፍራል። ሥርዓቱ ሲያልቅ አሻንጉሊቱ ከመንደር ወጥቶ ይጣል ነበር፤ የሟቹን ቅሬታ ይዞ እንዲሄድ።

ስለ አመጣጡ በሰፊው የሚነገረው የንጉሥ ራሃት ታሪክ ነው። አንድያ ልጁ ማንጋሌ በጦርነት ሞቶበት ከሐዘን የታመመውን ንጉሥ ለማዳን ዳቱዎቹ የልጁን መልክ አስቀርጸው፣ መንፈሱን ጠርተው አስጨፈሩለት፤ ንጉሡም ተሻለው ይባላል። ቀራጮቹ ግን ሥራውን ይፈሩት ነበር። አሻንጉሊቱን ሙሉ አድርጎ የቀረጸ ሰው ዕድሜው ያጥራል ተብሎ ይታመን ነበር። ሕይወት የሚመስል ነገር ለመሥራት ከራስ ሕይወት መክፈል ያስፈልጋል የሚለው ስሜት እንጨቱ ማደሪያ ነው ከሚለው እምነት ጋር በትክክል ይገጥማል።

ልጅ የማጣት ነገር በሕይወት ሳሉም መፍትሔ ይፈለግለታል። ዴባታ ኢዱፕ የሚባሉት ጥንድ ትናንሽ ቅርጾች፣ አንዱ ወንድ አንዷ ሴት፣ ልጅ በሚፈልጉ ባልና ሚስት ዘንድ ይጠበቃሉ፣ ይለመናሉ። በሲማሉንጉን ደግሞ በታላላቅ ሰዎች ቀብር ላይ ጭንብል ያጠለቁ ሰዎች ትልቅ ምንቃር ካላት የጫካ ወፍ ምስል ጋር ይጨፍሩ ነበር። በካሮ የሚታወቀው የጭንብል ጭፈራ ጉንዳላ-ጉንዳላ ግን ለዝናብ ነው፤ ድርቅ ሲጠና ጭንብሎቹ ይወጣሉ።

እሳትና መርከብ

በ1862 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ሉድቪግ ኢንግቨር ኖመንሰን ሱማትራ ገቡ። በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ የቶባ ሕዝብ አብዛኛው ክርስቲያን ሆነ። ማንዳይሊንጎች ከዚያ በፊት ወደ እስልምና ገብተው ነበር። የቅኝ ገዥዋ የኔዘርላንድስ (የደች) ጦርም ከደቡብ እየገፋ መጣ፤ ለሠላሳ ዓመት ገደማ የተዋጉት ካህንና ንጉሥ ሲሲንጋማንጋራጃ 12ኛ በ1907 እ.ኤ.አ. ተገደሉ። አዲሱ ሃይማኖትና አዲሱ ገዥ የዳቱን ሥራ ለያይተው አጠፉት። ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት ተተኩበት፣ የመንደር ጦርነት ተከለከለ፣ ጎንዳንግ የአጋንንት ጥሪ ተብሎ ታገደ። በትሮችና ፑስታሃዎች አንዳንዴ በአደባባይ ተቃጠሉ።

ሁሉም አልተቃጠሉም። ብዙዎቹ በሣጥን ታሽገው ወደ ጀርመንና ወደ ኔዘርላንድስ ተላኩ። ለመንደሩ ሰው የሚያስፈራው ነገር ከአገር ወጣ፤ ለላኪው ደግሞ የአሕዛብ ጨለማ ማስረጃ ሆነ፣ ለሙዚየሙ ሀብት። ዛሬ ስለነዚህ ዕቃዎች የምናውቀው አብዛኛው ከእነዚሁ ስብስቦች የተገኘ ነው። ነገር ግን ሲጫኑ የባለቤቱ ስምና የመንደሩ ስም አብሮ ያልተጻፈባቸው ብዙ ናቸው። የበትሩ ትረካ ቀርቷል፤ ይኸኛው በትር የማን እንደነበር፣ የትኛውን ዝናብ እንደጠራ ጠፍቷል። ለእኔ ከቃጠሎው ባልተናነሰ የሚያሳዝነው ይህ ነው።

የሚስዮናውያኑ ፍሬ የሆነችው የባታክ ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን፣ በአጭር ስሟ ኤች.ኬ.ቢ.ፒ.፣ የተመሠረተችበትን ጊዜ ከ1861 እ.ኤ.አ. ትቆጥራለች፤ በኢንዶኔዥያ ትልቋ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ናት። እንደ እኛዋ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አባል ናት። የአባቶችን ሥርዓት ምን ያህል መያዝ፣ ምን ያህል መተው እንደሚገባ የሚደረገው ክርክር ለኢትዮጵያዊ አንባቢም እንግዳ አይሆንም። በባታክ አገር መልሱ ከዘመን ዘመን ተለውጧል። ኡሎስ ማልበስና ቶርቶር በሠርግና በለቅሶ ቀጥለዋል፤ ጎርጋም ከመንደር ቤት ተነሥቶ በቤተ ክርስቲያን፣ በመንግሥት ሕንፃና በሆቴል ፊት ላይ ወጥቷል፣ አንዳንዴ በሲሚንቶ። የቀድሞውን እምነት የያዙት ፓርማሊሞችም አሉ፤ ማዕከላቸው ላጉቦቲ አጠገብ ሁታ ቲንጊ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የኢንዶኔዥያ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እንደነሱ ያሉ የአገር በቀል እምነት ተከታዮች እምነታቸው በመታወቂያ ወረቀት ላይ እንዲመዘገብ ወሰነ።

የዛሬው መሮ

የመሮው ድምፅ አልጠፋም። በሳሞሲር ደሴት ቶሞክና አካባቢው ሱቆች ቱንጋል ፓናሉዋን፣ የቀንድ ዕቃ፣ ትናንሽ ሲ ጋሌ-ጋሌዎች ተደርድረው ይሸጣሉ። ብዙዎቹ ቀራጮች እጃቸው የተካነ ነው፤ መንትዮቹን ከዳቱዎቹ ለይተው፣ ሲንጋውን በትክክለኛ ግንባሩ ይቀርጻሉ። የሚያሳስበው አዲስ ሥራን በጭስና በዘይት አጥቁሮ የመቶ ዓመት ዕድሜ እንዳለው አድርጎ መሸጥ ነው። ባዶ በትር መቅረጽ ነውር የለበትም፤ ዛሬ የተሠራ ሥራ ተብሎ፣ በቀራጩ ስም ቢሸጥ ያስከብረዋል። የሐሰት ዕድሜ ግን ሁለት ሰው ይጎዳል፤ ገዢው ይታለላል፣ ቀራጩ ስሙ ይሰረዛል።

የጥንት በትር የራሱ ምልክቶች አሉት። ውታፍ ያለው ጉድጓድ ይገኝበታል። መሐሉ፣ እጅ የሚይዝበት ቦታ ላይ፣ የሰዎቹ አፍንጫና ጉልበት ተልጎ ለስልሷል፤ ከላይና ከታች ያሉት ግን መልካቸው አልደበዘዘም። በስንጥቁ ውስጥ የመሥዋዕት ስብና ጥላሸት ደርቆ ይገኛል። በአንድ ጊዜ በጭስ የጠቆረ አዲስ ሥራ ግን በሁሉም በኩል እኩል ይጠቁራል፤ የመሮው ጠርዝም ይቆርጣል።

ነገሩን በቦታው ማየት ለሚፈልግ በሳሞሲር ሰሜናዊ ክፍል የሲማኒንዶ የቀድሞ ንጉሥ ግቢ ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል፤ በቅጥሩ ውስጥ ጎንዳንግ እየተመታ ቶርቶር ይታያል፣ በትሩም ሲ ጋሌ-ጋሌም ለጎብኚ ይጨፍራሉ። ከሐይቁ ደቡባዊ ዳር ባሊጌ ከተማ ያለው የባታክ ሙዚየም ደግሞ በ2011 እ.ኤ.አ. ተከፍቷል። ጎርጋን ለማየት ግን ትኬት አያስፈልግም። በሐይቁ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ሰው የሚኖርባቸው አሮጌ ቤቶች ዛሬም ቆመዋል፤ አብዛኞቹ የጭረት ጣሪያቸው በቆርቆሮ ተተክቷል፣ ከሥሩ ያለው ሲንጋ ግን እንደ ድሮው ወደ ደጅ ያፈጣል።